ልጃችን ወረታ ሲማር የት ይደር?

ነሐሴ ተገባዷል። ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራ ሜዳ ውኃ አዝሏል። ሩዙ በማሳው ላይ አረንጓዴ ሆኖ ቆሟል፤ ጎተራው ግን ተራግፏል። ልጅ ከውጭ ይገባና፣ «አባባ፣ ምዝገባ ተጀምሯል። ቤት ቶሎ ካልያዝን ሌሎች ይቀድሙናል» ይላል። አባት ዝም ይላል። እናትም ከምድጃው አጠገብ ሆና፣ «እኮ በምን ገንዘብ?» ትላለች።

ይህ ወሬ በየዓመቱ በናበጋም፣ በሽናም፣ በዋገጠራም ይወራል። ስለዚህ ለተማሪ የሚሆን፣ አቅምንም የማይጎዳ ክፍል በከተማ እንዴት እንደሚፈለግና እንዴት እንደሚያዝ እንመለከታለን።

ገበሬ በሬ መግዛት ያውቃል። ጥርሱን ከፍቶ፣ ትከሻውን ዳብሶ፣ ወዲያ ወዲህ አራምዶ፣ የት እንደነበረ ጠይቆ ነው ገንዘቡን ከመቀነቱ የሚፈታው። ቤት መከራየት ግን አልለመደም። በአገሩ ሰው ቤት ይሠራል እንጂ አይከራይም። በበሬ ገበያ የማይታለል ሰው በቤት ኪራይ የሚታለለው ለዚህ ነው። ደግነቱ ክፍልም እንደ በሬ ጥርስ አለው፤ ከፍቶ ማየት ነው።

ክፍል የሚከራየው ማነው?

የገጠር ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ሲደርስ ከቤቱ ይወጣል። አንዱ ወደ ወረታ፣ ሌላው ወደ ዓለም በር ይሄዳል። ወረታ የግብርና ኮሌጅም ያለባት ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በመካከሏ ያልፋል፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ወልዲያ የሚገነጠለውም ከዚሁ ይነሣል። ሩዝ በ1970ዎቹ ዓመታት በፎገራ መዘራት ከጀመረ ወዲህ ደግሞ የሩዝ መፈልፈያ ወፍጮዎች በከተማዋ በዝተዋል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ የመንግሥት ሠራተኛው፣ የቀን ሠራተኛው ሁሉ ማደሪያ ይፈልጋል። ተማሪው ክፍል የሚሻማው ከተማሪ ጋር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ኮሌጅ የሚገባ ልጅ ቤት ከመፈለጉ በፊት አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፤ ይኸውም ትምህርት ቤቱ ማደሪያ ይሰጣል ወይስ አይሰጥም የሚለው ነው። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛ የተመደበ ተማሪ ብዙውን ጊዜ መኝታና ምግብ እዚያው ያገኛል። በወጪ መጋራት ደንብ መሠረት ከወጪው ድርሻውን የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ነው። እንግዲህ ልጁ ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ደረሰው ብሎ አስቀድሞ በሬ መሸጥ አያስፈልግም። ለማታ ተማሪ፣ ለግል ኮሌጅ ተማሪና ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግን ኪራይ አይቀርለትም።

ድሮስ እንዴት ነበር? የቆሎ ተማሪ ከደብሩ አጠገብ ጎጆውን ራሱ ቀልሶ፣ ለምኖ እየበላ ይማር ነበር። ኪራይ የሚባል አያውቅም። የዘመናዊ ትምህርት ተማሪ ደግሞ ዘመድ ቤት ወይም የክርስትና አባት ቤት ይጠጋ ነበር። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ ኪራይ ተቀነሰ፤ ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑትን ቤቶች ቀበሌዎች ያስተዳድሩ ጀመር። ዛሬ ግን አብዛኛው ተማሪ የሚያድረው በግለሰብ ግቢ፣ ከዋናው ቤት ጀርባ በተሠሩ ክፍሎች ነው።

ዘመድ ቤት መጠጋት ዛሬም አለ። ገንዘብ አይጠየቅበትም ይባላል። ነገር ግን ውኃ መቅዳቱ፣ እንጀራ መጋገሩ፣ ሕፃን ማዘሉ በማን ላይ እንደሚወድቅ እናውቃለን። በተለይ ሴት ልጅ ደብተሯን የምትገልጠው ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ይሆናል። እሷ የምትከፍለው ኪራይ ይህ ነው። ዘመድ ቤት ስናስቀምጣትም፣ ምን ያህል ሥራ እንደምትሠራና በስንት ሰዓት እንደምታጠና ከዘመድ ጋር በግልጽ መነጋገር ነውር አይደለም።

ርካሹ የቱ ነው?

በወር የሚጠራው ብር ብቻውን የክፍሉን ዋጋ አይናገርም። በምሳሌ እንየው። ቁጥሩ ለስሌት መማሪያ የተሰጠ ነው እንጂ የወረታን የዕለት ዋጋ የሚያሳይ አይደለም።

አንደኛው ክፍል በወር 1,500 ብር ነው። መብራትና ውኃ በዚሁ ነው። የሚከፈለውም ልጆቹ ለሚቀመጡበት ለ10 ወር ብቻ ነው። 1,500 ብር በ10 ሲባዛ 15,000 ብር ይሆናል።

ሁለተኛው ክፍል በወር 1,200 ብር ነው። የ300 ብር ልዩነት ስላለው ርካሽ ይመስላል። ነገር ግን ባለቤቱ የክረምቱንም ወራት ያስከፍላል። 1,200 ብር በ12 ሲባዛ 14,400 ብር ነው። መብራት በወር 100 ብር፣ ውኃ በጀሪካን እየተገዛ በወር 150 ብር ቢያስወጣ፣ በ10 ወር 2,500 ብር ይጨመራል። ድምሩ 16,900 ብር ሆነ። ርካሽ የተባለው ክፍል በ1,900 ብር በለጠ። ከትምህርት ቤቱም የራቀ ከሆነ የባጃጅ ሒሳብ ገና አልገባም።

አንደኛውን ክፍል ሦስት ልጆች ቢጋሩት ለእያንዳንዳቸው 5,000 ብር ይደርሳል። ብቻውን ለሚማር ልጅ ቤት ከመፈለግ፣ አስቀድሞ የአንድ ቀበሌ ልጆችን ማሰባሰብ የተሻለ ነው የምንለው ለዚህ ነው። ስንቅም በተራ ይመጣል። አንዱ ልጅ ቅዳሜ አገር ቤት ሄዶ የሦስቱንም ሽሮና ድርቆሽ ተሸክሞ ይመለሳል። ቢታመምም ብቻውን አይወድቅም። ግን ከሦስቱ አንዱ ትምህርቱን አቋርጦ ቢወጣ የእሱን ድርሻ ማን ይከፍላል? ይህን ወላጆች አስቀድመው ይወስኑ። ብዙ ጉርብትና የሻከረው በዚህች ነገር ነው።

ክፍሉን እንደ በሬ ማየት

ክፍል የሚታየው በቀን ነው። ከተቻለ ዝናብ በጣለ ማግስት ይታይ።

ገብቶ በሩን ዘግቶ ወደ ቆርቆሮው ቀና ማለት ነው። እንደ ኮከብ የሚያበራ ቀዳዳ ካለ በዚያ በኩል ዝናብ ይገባል። ቀጥሎ ግድግዳው ከሥሩ ይታይ። የፎገራ መሬት ዋልካ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። ጭቃው ከመሬት ወደ ላይ የጠቆረበት መሥመር ካለ ውኃው እስከዚያ ወጥቶ ነበር ማለት ነው። ነሐሴ 1998 ዓ.ም. ጎርፉ በፎገራ ያደረገውን ያየ ሰው ይህን መሥመር ማንበብ አያቅተውም። ወለሉ ከግቢው ከፍ ያለ፣ ቦይም የተቆፈረለት ቤት ይመረጣል።

ከክፍሉ ጀርባ የቆመ ውኃ አለ? ካለ የወባ ትንኝ አለ። በአገራችን ወባ የሚብሰው ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ልክ ትምህርት በሚጀመርበት ወቅት ነው። ስለዚህ አጎበር መስቀያ መኖሩ ይታይ፤ ከሌለ ምስማር መምታት ይፈቀድ እንደሆነ ባለቤቱ ይጠየቅ። ሽንት ቤቱ የስንት ሰው ነው? ከውስጥ ይቆለፋል? አጠገቡ ጠላ ቤት ወይም ሌሊት የሚሠራ ወፍጮ ካለ ልጆቹ እንዴት ያጠናሉ? በግቢው የሚኖሩትን ተከራዮች ጠጋ ብሎ፣ «ከዚህ በፊት የነበረው ሰው ለምን ወጣ?» ማለት ከሁሉ ይበልጣል። ባለቤት ያልነገረውን ጎረቤት ይነግራል።

ምግብ የሚበስልበት ቦታ ነገር ሊታለፍ አይገባም። ማድቤት የሌለው ክፍል ሲሆን ልጆች በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥለው ወደ ውስጥ ያስገባሉ፤ በሩንም ዘግተው ይተኛሉ። ከከሰል የሚወጣው መርዝ ሽታ የለውም፣ አይታይም። የተኛው ሰው ሳይነቃ ይገድለዋል። ከሰሉ ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲሆን አደጋው ያለፈ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ አላለፈም። ከሰል በውጭ ይቀጣጠል፤ በውጭም ይብሰልበት፤ ለመኝታ ሲሆን በፍጹም ወደ ክፍል አይግባ። ኩበትም እንደዚሁ ነው። ይህን ለልጅ ሲሸኙት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ መንገር ነው።

ለሴት ልጅ ቤት ሲፈለግ እናት አብራ ሄዳ ትይ። እናት የምታየውን አባት አያየውም። በሩ ከውስጥ የሚዘጋ፣ ባለቤቶቹ በግቢው ውስጥ የሚኖሩ፣ ሽንት ቤቱም ከአጥር ውጭ ያልሆነ መሆን አለበት። ከትምህርት ቤት የሚመለሱበት መንገድ በመሸ ጊዜ ሰው የሚበዛበት ነው ወይ? ሁለተኛው ቁልፍ በማን እጅ ነው? ቁልፍ ይዞ ሳያንኳኳ የሚገባ አከራይ ካጋጠመ፣ ልጅቷ ሳትፈራ ለወላጆቿና ለመምህሯ እንድትናገር አስቀድሞ ይነገራት። ለዚህ ሲባል 100 ወይም 200 ብር ብንጨምር ተጎዳን አንልም።

በመካከል ደላላ ካለ ድርሻው ስንት እንደሆነ ቤቱ ሳይታይ ይነገር፤ ቤቱ ሳይታይ ግን አይከፈል።

ከባለቤቷ ጋር ሲነጋገሩ

አንድ አባት ክፍሉን አይቶ ከወደደው በኋላ ከባለቤቷ ጋር የሚነጋገረው እንዲህ ሊሆን ይችላል።

«እሜቴ፣ ክፍሉ ስንት ነው?»

«1,500 ብር ነው፣ አያ። የሁለት ወር ቅድሚያ እቀበላለሁ።»

«መብራትና ውኃውስ በዚሁ ነው?»

«መብራቱ በዚሁ ነው። ውኃ ግን በቀን ሁለት ጀሪካን ነው። ከዚያ ከበለጠ ይከፈላል።»

«ልጆቹ ማታ ያጠናሉ። መብራት ይጠፋባቸዋል?»

«እስከ አራት ሰዓት አልከለክልም። ፈተና ሲደርስ ደግሞ ያምሹ።»

«ክረምትስ? ሐምሌና ነሐሴ ልጆቹ አገር ቤት ናቸው።»

«እቃቸው ክፍሉን ይዞት የለም እንዴ? ሌላ ሰው አላስገባበት!»

«እቃቸውን አውጥተን ቁልፉን ብናስረክብዎትስ?»

«እንዲያ ከሆነማ የክረምቱን አልጠይቅም። ጳጉሜንም ይቅር። ነገር ግን መስከረም ላይ ለሌላ ሰጥቼው ብታገኙት ቅር እንዳትሰኙ።»

«አንዲት ነገር ደግሞ ልለምንዎት። አሁን ጎተራው ባዶ ነው። የአንድ ወሩን ዛሬ ልስጥዎት፤ ሌላውን ሩዙ ሲታጨድ፣ በታኅሣሥ አጠቃልዬ ላምጣ።»

«ስንት ወር ሙሉ ምን ልበላ ነው፣ አያ? የየወሩን እየሰጡኝ፣ ቅድሚያውን ግን እስከ ታኅሣሥ ልታገሥዎት።»

«እግዜር ይስጥልኝ። በሉ ይህንኑ እንጻፈው።»

የመጨረሻው ልመና ቀላል አይደለም። ሩዝ በሰኔ ተዘርቶ በኅዳርና በታኅሣሥ ይታጨዳል። ኪራይ የሚጀምረው ግን በመስከረም ነው። በዚህ ጊዜ ገበሬው ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል፤ ወይም ያልታጨደውን ሩዝ በማሳው ላይ እንዳለ በርካሽ ይሸጣል። በኪራይ 100 ብር አስቀንሶ በአራጣ 1,000 ብር የሚከፍል ሰው አልተጠቀመም። ስለዚህ «ስንት?» ብቻ ሳይሆን «መቼ?» ብሎ መከራከር ይገባል። ካለፈው የበጋ ሽንኩርት ሽያጭ ለመስከረም ኪራይ ትንሽ ነጥሎ ማስቀመጥ የቻለ ደግሞ ከልመናውም ይድናል።

አከራይ ሁሉ ጨካኝ ነው ማለት አይደለም። አንዳንዷ ባሏ የሞተባት፣ ከሁለት ክፍል ኪራይ በቀር ሌላ ገቢ የሌላት ናት። ኪራዩ በቀኑ ካልደረሰ የእሷም ምድጃ ይቀዘቅዛል።

ውልና ሕግ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ በጽሑፍ የሚደረግ ውል በተዋዋዮቹና በሁለት ምስክሮች እንዲፈረም ያዛል። ማንበብ የማይችል ሰው በጣቱ ያተመው ውል ደግሞ ውል አዋዋይ፣ ሬጅስትራር ወይም ዳኛ በሥራው ላይ ሆኖ ካላረጋገጠው አያስገድደውም። ሕግ ይህን ያደረገው ያላነበበውን እንዳይታለልበት ነው። ዛሬ እናንተ አንባቢዎች ናችሁ፤ ጣት ሳይሆን ስም ትጽፋላችሁ። ስም የጻፈ ሰው ግን «አላነበብኩትም ነበር» ቢል የሚሰማው የለም። ስለዚህ ቀስ ብላችሁ፣ እየተዳፈናችሁም ቢሆን፣ ቃል በቃል አንብቡ። አከራዩ ቢቸኩል እሱ ይቸኩል። ልጁ 18 ዓመት ካልሞላው ደግሞ ወላጅ ይፈርምለት።

በ2016 ዓ.ም. የመኖሪያ ቤት ኪራይን የሚመለከት አዋጅ ወጥቷል፤ ቁጥሩም 1320 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ውል በጽሑፍ ሆኖ በመንግሥት አካል ይመዘገባል። ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ውሉ ከሁለት ዓመት ላነሰ ጊዜ አይደረግም። አከራይ እንደፈቀደው ኪራይ አይጨምርም፤ ጭማሪው በዓመት አንድ ጊዜ በሚነገረው ልክ ብቻ ነው። ክፍያውም በባንክ ወይም በስልክ የገንዘብ መክፈያ ይሆናል። አዋጁ በክልል የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ከተሞች ስለሆነ፣ ልጁ በሚማርበት ከተማ ይሠራ እንደሆነ ከከተማው አስተዳደር መጠየቅ ነው።

ትምህርት ቢቋረጥስ? ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ልጆች ዕቃቸውን ቆልፈው አገር ቤት ገቡ። በዚያው ዓመት በወጣው የአስቸኳይ ጊዜ ደንብ አከራይ ተከራይን እንዳያስወጣና ኪራይ እንዳይጨምር ተከልክሎ ነበር። ሰው ላልተኛበት ወር የሚጠየቀው ኪራይ ግን በየግቢው ማከራከሩ አልቀረም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ስለዚህ «ትምህርት ቤት ቢዘጋ» የሚል አንድ መሥመር ከውሉ ውስጥ ይግባ።

ውሉ ረጅም መሆን የለበትም። እንዲህ ያለው ይበቃል።

የቤት ኪራይ ውል

አከራይ ________፤ አድራሻ ወረታ ከተማ፣ ቀበሌ ____።
ተከራይ ________፤ አድራሻ ፎገራ ወረዳ፣ ቀበሌ ____።

1. አከራይ በግቢያቸው ያለውን አንድ ክፍል ____ ተማሪዎች እንዲኖሩበት አከራይተዋል።
2. ኪራዩ በወር ____ ብር ነው። የሚከፈለውም ወር በገባ በ____ ቀን ነው። መብራትና ውኃ በኪራዩ ውስጥ ____።
3. ቅድሚያ የተከፈለው ____ ብር ነው። ተማሪዎቹ ሲለቁ ከመጨረሻው ኪራይ ይታሰባል።
4. ለሐምሌና ለነሐሴ ዕቃ ወጥቶ ቁልፍ ከተመለሰ ኪራይ አይታሰብም።
5. ትምህርት ቤት ቢዘጋና ተማሪዎቹ ክፍሉን ቢለቁ፣ ከለቀቁበት ቀን በኋላ ኪራይ አይታሰብም።
6. ቆርቆሮና ግድግዳ የሚያሳድሱት አከራይ ናቸው። ተማሪዎቹ የሰበሩትን ተከራይ ይተካሉ።
7. አከራይ ተማሪዎቹ በሌሉበት ወደ ክፍሉ አይገቡም።

ቀን ____ ወር ____ ዓ.ም. ____።
የአከራይ ፊርማ ____። የተከራይ ፊርማ ____።
ምስክሮች 1. ____ 2. ____

በባዶው ቦታ ላይ ሁሉም ነገር ሳይጻፍ አይፈረምም። ባዶ የቀረ ቦታ ኋላ በሌላ እጅ ሊሞላ ይችላል። ብሩም በቁጥርና በፊደል ይጻፍ፤ «1,500 (አንድ ሺህ አምስት መቶ) ብር» እንደማለት። ውሉ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ለአከራይ፣ ሌላው ለተከራይ ነው።

ኪራይ በእጅ የሚሰጥ ከሆነ በየወሩ በአንድ ደብተር ላይ ቀኑና ብሩ ተጽፎ አከራይዋ ትፈርም። ደብተሩ ልጁ ዘንድ ይቀመጥ። ልጁ ቅዳሜ ለስንቅ ሲመጣ ይዞት ይምጣና አባትና እናት ያንብቡት። ውሉ ደግሞ አይጥና እርጥበት እንዳያገኘው በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የመሬት ማረጋገጫው ደብተር ካለበት ሣጥን ይግባ።